ዘይት ሲቀየር ቆሞ ማየትና ራስ መቀየር

እኔ ምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው፣ ሀበሻ የበዛበት ከተማ። ጎረቤቴ ግን ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነው፣ ሞተርሆም አለው፣ ያ አልጋና ምድጃ ሽንት ቤት ምናምን ያለው ቤት የሚያክል መኪና። ከስሩ ፎርድ ኢ-450 ነው፣ ባለ 10 ሲሊንደር፣ 6.8 ሊትር ሞተር። ብርዱ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ ዘይቱን ራሱ ይቀይራል። ሰውዬው ገንዘብ አጥቶ እንዳይመስላችሁ፣ ከኔም ካንተም ይሻላል።

እኛ ስለዚህ ነገር ስናወራ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፣ አሜሪካ ጉልበት ውድ ነው እቃ ርካሽ ነው፣ አገር ቤት ተገላቢጦሽ፣ አለቀ። እውነት ነው፣ በዛ ላይ እነዚህ በአስር ደቂቃ ዘይት ሚቀይሩት ቤቶች ብዙዎቹ ሞተርሆም በበራቸው አይገባም፣ ስለዚህ የትራክ ጋራዥ ፈልገህ ቀጠሮ ይዘህ ነው ምትሄደው። ግን ሰውዬውን ጠይቄው ስለ ብር ትንፍሽ አላለም። "ቡሎኑን ማን እንዳጠበቀው ማወቅ እፈልጋለሁ" ነው ያለኝ። ይሄን ስሰማ አጎቴ ትዝ አለኝ፣ ምን እንዳገናኛቸው እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን አሰራሩን ልንገራችሁ፣ ደስ ስለሚል። ሞተሩን ትንሽ ያሞቀዋል፣ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍሮ በደንብ ስለማይወርድ፣ በጣም ከጋለ ደግሞ እጅ ይልጣል። ከዛ አጥፍቶ ስር ይገባል፣ መኪናው ከፍ ያለ ስለሆነ ክሪክ እንኳን አያስፈልገውም። የኮፓውን፣ ከሞተሩ ስር ያለውን የዘይት መያዣ ማለት ነው፣ ቡሎን በመፍቻ ያላላውና የመጨረሻዎቹን ዙሮች በጣቱ ወደላይ እየገፋ ነው ሚፈታው፣ ሲለቀው እጁን ፈጠን አርጎ ያሸሻል። ዘይቱ መጀመሪያ ርቆ ይወነጨፋል፣ እያለቀ ሲመጣ ወደታች ቀጥ ይላል፣ መቀበያውን እያንፏቀቀ ይከተለዋል። ፊልትሮው፣ የዘይት ማጣሪያው፣ ሲወጣ ትልቁ ጣጣ ዘይት እንዳያፈስ አፉ ላይ ያለው አሮጌው የጎማ ቀለበት አብሮ መውጣቱን ማየት ነው፣ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱን በላዩ ካሰርከው ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱን በግፊት ይተፋዋል፣ ሀይዌይ ላይ ከሆነ ሞተር አቃጠልክ ማለት ነው። የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ ዘይት በጣቱ ቀብቶ ፊልትሮውን በእጁ ብቻ ያጠብቀዋል፣ መፍቻ አያስነካውም። 6 ኳርት ነው ሚጠጣው፣ ወደ 5.7 ሊትር፣ 5ደብሊው-20 ሚባለውን ቀጭን ዘይት። አገር ቤት ይሄን ብታሳያቸው ውሃ ነው ይሉሃል፣ እኛ ወፍራሙ 20ደብሊው-50 ካልሆነ ዘይት አይመስለንም፣ ቀጭኑ ግን ለብርድ ነው፣ ጠዋት ስታስነሳው ቶሎ እንዲዞር።

በዓመት ይሄን ያህል አትነዳውም፣ ምን አስቸኮለህ ስለው፣ ዘይት በመቆምም ይበላሻል፣ ከቃጠሎው ሚመጣው እርጥበትና አሲድ ውስጡ ተጠራቅሞ ክረምቱን ሙሉ እንዲያድርበት አልፈልግም አለኝ። ለሞተርሆሙ መብራት ሚሰጠው ጄኔሬተርም የራሱ ዘይት አለው ለካ፣ እሱ በማይል ሳይሆን በሰዓት ነው ሚቆጠረው፣ የሱ ኦናን ሚባለው ማርካ ስለሆነ በየ150 ሰዓቱ። ሁሉንም ደብተር ላይ ይጽፋል።

አሁን ወደ አጎቴ። አዲስ አበባ ዘይት ሲቀየር ባለመኪናው ሄዶ ማኪያቶ አይጠጣም። አጎቴ ፊልትሮውን ራሱ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና እቃ ሚሸጥበት ሰፈር፣ ወርዶ ይገዛል፣ ዘይቱን ከማደያ ገዝቶ በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ ከዛ ፎሳው፣ መካኒኩ መኪና ስር ሚገባበት ጉድጓድ፣ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደታች ያያል። የዘይቱ ጀሪካን ክዳን አለመነካቱን አይቶ ነው ሚያስከፍተው። ባዶውን ጀሪካን ወይ ይዞት ይሄዳል ወይ በምስማር በስቶ ነው ሚጥለው፣ ሌላ ነገር ተሞልቶበት ተመልሶ እንዳይሸጥ። መካኒኩ አይቀየምም፣ እንደውም ከስር ሆኖ "ጋሼ ይዩት፣ ወርዶ አለቀ አይደል?" ይለዋል። አጎቴ መፍቻ በእጁ ነክቶ አያውቅም፣ መኪና ስር ተኝቶ ቢያዩት ሰፈሩ ምን ነካው፣ ተቸገረ እንዴ ነው ሚለው፣ ስራውን ግን ከመካኒኩ እኩል ያውቀዋል።

እና ሁለቱም ሰው አያምኑም፣ ነገሩ ይሄው ነው። ጎረቤቴ ሰው ስላላመነ ብቻውን መኪና ስር ገባ፣ አጎቴ ሰው ስላላመነ ከመካኒኩ ጋር ግማሽ ቀን ሲያወራ ዋለ፣ ልጁን ዳረ፣ ፖለቲካውን ፈታ፣ ሻይ ጋበዘ። የቱ ይሻላል ብትሉኝ የፈረንጁ ዘይት በደንብ ተቀይሯል፣ የአጎቴ ቀን በደንብ ውሏል።

እዚህ ያለነው ሀበሾች ደግሞ መሀል ቤት ነን። ኡበር ነጂውም ትራክ ነጂውም ስለ ሞተር ያወራል፣ ግን ብዙዎቻችን ያለንበት አፓርታማ ፓርኪንግ ላይ መኪና መፍታት ይከለክላል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ሀበሻ ጋራዥ ነው። እዛም ቆሞ ማየት አለ፣ ፎሳ ስለሌለ ሊፍቱ ስር። ደንበኛ እዚህ መግባት ክልክል ነው ሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ማንም አያነበውም።

የወረደው ዘይት ጉዳይ ላይ ግን ፈረንጁን ሳላደንቅ አላልፍም። በባዶው ጠርሙስ መልሶ ሞልቶ ኦቶዞን፣ የመኪና እቃ መሸጫው ጋ፣ ይወስደዋል፣ በነጻ ይቀበሉታል። የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት እንደሚለው ካንድ መኪና የወረደ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹህ ውሃ ሊበክል ይችላል። እኛ ጋ የተቃጠለ ዘይት ፈላጊ አለው፣ የአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይቀባል፣ ይሄ ምንም አናባክንም እያልን ምንኮራበት ነው፣ ቀሪው ግን ጋራዡ መሬት ላይ ነው ሚፈሰው። የድሮ ጋራዥ ግቢ አፈሩ አስፋልት መስሏል እኮ፣ ዝናብ ሲመጣ ያ ዘይት ወዴት ይሄዳል መሰላችሁ፣ ወደ ወንዙ ነው።

አሁን ደግሞ ጨዋታው እየተቀየረ ነው። የኢትዮጵያ መንግስት በ2024 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ኤሌክትሪኩ በዝቷል፣ እሱ ደግሞ ሚቀየር የሞተር ዘይት የለውም። አማቼ አንዱን ገዝቷል። ባለፈው ሰርቪስ ወስዶት የጋራዡ ልጅ ላፕቶፕ ሰክቶ ሲያይ ከጀርባው ቆሞ እንደነበር በስልክ ነገረኝ። ምን ገባህ ታዲያ ስለው፣ "ምንም፣ ግን ብቻውን አልተውም" አለኝ።