«ፓፕሪካ» እንቆቅልሽ አይደለም

ስለ «ፓፕሪካ» ፊልም ወሬ ከተነሳ ጥያቄው ያው ነው። የቱ ጋ ነው ሕልሙ፣ የቱ ጋ ነው እውኑ? ፊልሙን እየቆራረጡ «ትርጉሙ ይሄ ነው» የሚሉ ቪዲዮዎችም ዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል። እኔ ግን ጥያቄው ፊልሙን የሚያደርቀው ይመስለኛል። ዳይሬክተሩ ሳቶሺ ኮን ድንበሩን ሆን ብሎ ነው ያጠፋው። ማየት ያለብን እንዴት አድርጎ እንዳጠፋው ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የጃፓን አኒሜ፣ ማለትም በሥዕል የተሠራ ፊልም ነው። የሠራው ማድሃውስ የተባለው ስቱዲዮ ሲሆን መነሻው የያሱታካ ትሱትሱይ ልቦለድ ነው። «ዲሲ ሚኒ» የሚባል ጭንቅላት ላይ የሚደረግ መሣሪያ አለ። ሐኪሞች በሱ የታካሚያቸው ሕልም ውስጥ ይገባሉ። መሣሪያው ይሰረቅና የአንዱ ሕልም ሌላው ላይ ይጋባል፤ ቆይቶ ነቅተው የሚሄዱ ሰዎችንም ይይዛል። ዶክተር አጽኮ ቺባ ኮስታራ ሴት ናት። ሕልም ውስጥ ስትገባ ግን ፓፕሪካ የምትባል ቀልጣፋና ተጫዋች ልጅ ትሆናለች።

አሁን አንድ ቦታ ላይ እንቁም። የምርምር ማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ሺማ ስለ ስርቆቱ እያወሩ ነው። ንግግራቸው በደህና ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ይንሻፈፋል። ከዚያ ስለ እንቁራሪቶች ዋሽንትና ከበሮ ማውራት ይጀምራሉ። ጭስ የለም፤ ምስሉም አይደበዝዝም። ክፍሉ ያው ክፍል ነው። ሰውየው በኮሪደሩ ሮጠው በመስኮት ሲዘሉ ነው አንጀታችን የሚላወሰው።

ይሄ በእስክሪብቶና በቀለም ብቻ የሚሆን ነገር ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ተዋናይ በሚታይበት ፊልም ሕልም ሲመጣ ዓይናችን ወዲያው ይነቃል። «አሃ፣ ኮምፒውተር ገባበት» እንላለን። እዚህ ግን ወንበሩንም፣ ሐኪሙንም፣ ቅዠቱንም የሳለው አንድ ዓይነት እጅ ነው። ዓይን የሚይዘው ምልክት የለም። ቺባ የተጠርጣሪውን አፓርታማ ስትፈትሽ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ራሷን ታገኛለች፤ አንድ አጥር ትሻገራለች። አጥር ያለችው የበረንዳው መከላከያ ነበር። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ሩቅ ነው። እኛም አብረናት ተሸውደናል።

ሕልሙ ውስጥ ያለው ሰልፍስ? ፍሪጅ፣ አሻንጉሊት፣ እንቁራሪት፣ የነፃነት ሐውልት ሳይቀር ተሰልፈው ወደ ከተማው ይተማሉ። የሱሱሙ ሂራሳዋ ሙዚቃ ሠርግ ያስመስለዋል። ደስታው ራሱ ነው የሚያስፈራው።

እግረ መንገዴን፣ «ካርቱን ነው» ብላችሁ ለልጆች እንዳትከፍቱት። አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ እንዳያየው የሚል ደረጃ ነው የተሰጠው። ፓፕሪካ ጠረጴዛ ላይ እንደ ቢራቢሮ በመርፌ ተሰክታ የምትታይበትን ቦታ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

እንከን የለውም አልልም። ክፉው ሰው መጨረሻ ላይ ሲገዝፍ ፊልሙ ወደ ተራ ድብድብ ይወርዳል። የቺባ ፍቅርም ጥድፊያ የበዛበት ነው፤ «መቼ ነው የወደደችው?» ያሰኛል። በውፍረቱ ስንቴ የተቀለደበት ሰው ድንገት የልቧ ሰው ሲሆን ቀልዱን ረስተን እንድናጨበጭብ ይጠበቃል።

ለኔ የፊልሙ ልብ መርማሪ ፖሊሱ ኮናካዋ ነው። ፊልም እንደማይወድ ይናገራል። ሕልሙ ግን ከዳር እስከ ዳር ፊልም ነው፤ ሰርከስ፣ ታርዛን፣ የወንጀል ታሪክ። ወጣት ሳለ ከጓደኛው ጋር ጀምሮ የተወው ፊልም አለ፤ ጓደኛው ሞቷል። ያ ጸጸት ነው ሌሊት ሌሊት እየተመለሰ የሚያንገላታው። አንድ ቦታ ላይ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርጎ ለፓፕሪካ የካሜራ ሕግ ያስተምራታል። ሁለት ሰው ሲነጋገር በመካከላቸው በሐሳብ የሚሰመር መስመር አለ፤ ካሜራው ከዘለለው ተመልካቹ ግራ ይጋባል ይላታል።

ኮን ይህን ሕግ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያ ፊልሙን ከሠራ ጀምሮ ሲዘለው ነው የኖረው። በ2010 በቆሽት ካንሰር በ46 ዓመቱ ሲሞት ሌላ ፊልም ጀምሮ ነበር፤ አላለቀም። ስለዚህ ሠርቶ የጨረሰው የመጨረሻው ረጅም ፊልሙ «ፓፕሪካ» ነው። እዚያም ውስጥ ሕጉን በፖሊሱ አፍ አስነግሮ፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ እየጣሰ ያሳየናል።