ስለሌለ ነገር ማሰብ አይቻልም ያለው ማነው?

ሰሞኑን እዚህ ጅማ፣ አንድ የመጽሐፍ ውይይት ላይ የተጋበዙ ምሁር «ካልዲ የሚባል እረኛ ኖሮ አያውቅም፤ ስለሌለ ሰው ማሰብ ደግሞ ጨርሶ አለማሰብ ነው» አሉ። ብሪታኒያዊውን ፈላስፋ ራስልንም ምስክር ጠሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ።

ካልዲ አልኖረም መባሉ አይደለም ያናደደኝ። እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም የታተመው መጽሐፍ የቡናን አገኛኘት ታሪክ ሲያወራ የእረኛውን ስም እንኳ አይጠራም። ይሁን፣ አልኖረም እንበል። ግን ቡና እየተፈላ አያት ተሳስተው «በጎቹ ፍሬውን በልተው መዝለል ጀመሩ» ቢሉ፣ የጅማ ልጅ ወዲያው «ኧረ አያቴ፣ ፍየሎች ናቸው!» ይላል። ልጁ ካላሰበ ምኑን ነው ያረመው?

የፈረንሳዩን የሥነ ፈለክ ሊቅ ለቬሪዬን እንውሰድ። ዩራነስ ከስሌቱ ዝንፍ ስትልበት «የምትጎትታት ሌላ ፕላኔት አለች» ብሎ ቦታዋን በሒሳብ አመለከተ። በ1846 በርሊን ላይ ቴሌስኮፕ ወደዚያ ዞረ፤ ኔፕቱን ተገኘች። በ1859 ደግሞ የሜርኩሪን መዛነፍ አየና ያንኑ መንገድ ተከተለ። ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርብ ፕላኔት መኖር አለባት አለ። ቩልካን ተባለች። ለዓመታት ተፈለገች። የለችም። መዛነፉን በ1915 አንስታይን በአዲሱ የስበት ንድፈ ሐሳቡ አስረዳው።

እንግዲህ ምሁሩ ይንገሩን። ያው ሰው፣ ያው ብዕር፣ ያው ሒሳብ። በ1846 አስቦ በ1859 አላሰበም ሊሉን ነው? ሰውየው ራሱ በሁለቱ ጊዜ መካከል ምንም ልዩነት አልታየውም። የአንድ ሰው ጭንቅላት መሥራት አለመሥራቱን ሰማይ ላይ ያለ ነገር ሊወስንለት አይችልም! ደግሞስ፣ ቩልካንም ካልዲም «ምንም» ከሆኑ ስለ ሁለቱ ማሰብ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። ማንም ግን እረኛ ፍለጋ ቴሌስኮፕ አልደቀነም።

የራስል ምስክርነት ይባስ ብሎ ለእኔ ነው። በ1905 የመረመረው ዓረፍተ ነገር «የአሁኑ የፈረንሳይ ንጉሥ ራሰ በራ ነው» የሚል ነበር፤ ፈረንሳይ ያኔ ንጉሥ የላትም። ኦስትሪያዊው ፈላስፋ ማይኖንግ የሌሉትንም ነገሮች ቦታ ሰጥቶ መቁጠሩን ራስል አልወደደለትም። እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ክብ የሆነ አራት ማዕዘንን እንደ አንድ ነገር መቁጠር እኔንም ያስቸግረኛል። ነገር ግን ራስል ዓረፍተ ነገሩን «ሐሰት ነው» አለ እንጂ «ትርጉም የለውም» አላለም። ሐሰት ለመሆን መጀመሪያ አንድ ነገር ማለት አለበት፤ ያንን ያለው ሰውም አስቧል። ምስክር የሚጠራ ሰው ቢያንስ ምስክሩ ያለውን አንብቦ ይምጣ።