የመድረክ ቅጂ ሁሉ «ያልተነካ» አይደለም

«የስቱዲዮ አልበም የተቀባባ ነው፤ የሮክ ባንድን እውነተኛ ማንነት የሚያሳየው የመድረክ ቅጂ ብቻ ነው» ብለው ለጻፉት፦ ብዙ ሰው የሚደጋግመው አባባል ነው፤ ግን ስህተት ነው።

የእንግሊዙን ሮክ ባንድ ዲፕ ፐርፕልን እንውሰድ። «ማሽን ሄድ» የተባለው አልበማቸው ስቱዲዮ ውስጥ እንኳ አልተቀዳም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1971 ሞንትሮ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሊቀዱበት ያሰቡት ካዚኖ ሲቃጠል፣ ለክረምቱ ተዘግቶ ወደነበረ ሆቴል ገቡ። ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ ደርድረው ድምፁን አፈኑት። መቅጃው ግን ውጭ በቆመ መኪና ውስጥ ነበር። የቀዱትን ለመስማት በክፍሎችና በበረንዳዎች እየተሽሎከለኩ መሄድ ስላታከታቸው፣ ውሎ አድሮ መመላለሱን ተዉት። አብረው ይጫወታሉ፤ ጥሩ መስሎ ከተሰማቸው ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። ይህ የተቀባባ ከተባለ፣ ያልተቀባባው የቱ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው፣ «ኪስ» (Kiss) የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ «አላይቭ!» ደግሞ የመድረክ አልበም ቢሆንም፣ አባላቱ ራሳቸው እንዳመኑት ስቱዲዮ ገብቶ ብዙ ቦታው እንደገና ተቀድቷል። አልበሙን እወደዋለሁ፤ ጥሬ ምስክርነት ነው ሲባል ግን ዝም ማለት አልችልም።

እርግጥ መድረክ የሚጨምረው አለ። «ስፔስ ትራኪን» የተባለው የዲፕ ፐርፕል ዘፈን በ«ማሽን ሄድ» ላይ አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ በኦገስት 1972 በጃፓን መድረክ በተቀዳው «ሜድ ኢን ጃፓን» ላይ ግን ወደ 20 ደቂቃ ይዘልቃል። ጊታሩና ኦርጋኑ መንገድ ለቀው ሲባዝኑ፣ ሲጠፋፉና ተመልሰው ሲገናኙ ይሰማል። ሁለቱን አከታትለው ያዳምጡ፤ አንዱ ሌላውን አያስዋሽም።