«ማስረጃ አምጣ» ለሚሉኝም፣ «ደብዳቤ አምጣ» ለሚሉኝም

አቦ የድሬ ልጆች፣ ዛሬ ትንሽ ልናገራችሁ ነው። የረዘመበት ይለፈው። እኔ ግን ካልተነፈስኩ ያንቀኛል።

ነገሩ ዊኪፔዲያ ነው። አዎ፣ ያ ጎግል ስታደርጉ ቀድሞ የሚመጣው። ልጆቻችሁ አሳይመንት የሚገለብጡበት። ማንም ሰው ገብቶ ማረም ይችላል ይባላል። እውነት ነው፣ ይቻላል። «አርም» የሚለውን ትጫናለህ፣ ትጽፋለህ፣ ታስቀምጣለህ፣ አለቀ። ጉዱ የሚመጣው አንድ ነገር ግራ ገብቶህ የሚያግዝህ ሰው የፈለግክ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ የድሬን የቀን ስምንት ሰዓት ይሆንብሃል። በሩ ሁሉ ዝግ፣ ሰው ሁሉ ተኝቷል።

የኔ ጉዳይ ትንሽዬ ናት። አንዲት ዓመተ ምሕረት ብቻ። የእህቴ ልጅ ስለ ከተማችን አሳይመንት ሠርቶ «ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1902 ዓ.ም ነው» ብሎ ጽፏል። ከየት አመጣኸው ስለው ስልኩን አሳየኝ። መምህሩም ራይት አድርጎለታል። ወገን፣ ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 ሊያልቅ ሲል ነው። በእኛ ታኅሣሥ 1895 ማለት ነው። አንድ ሰው የፈረንጁን ቁጥር ወስዶ «ዓ.ም» ለጥፎበታል። በ1902 ዓ.ም እኮ ባቡሩ ድሬ ከገባ ሰባት ዓመት ሆኖታል!

ምን ችግር አለው የሚል አይጠፋም። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በባቡሩ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ሲከብድና ወጪው ሲያስፈራ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ስለዚህ ያችን ቁጥር ስታበላሽ የከተማዋን ልደት ነው በሰባት ዓመት የምታዘገየው። በዚያ ላይ በሽታው እዚያ ብቻ አይደለም። የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው በ1998 ዓ.ም ክረምት ነው፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2006። እሱንም ሰዎች አንዴ 1998፣ አንዴ 2006 እያሉ ያለ ምንም ምልክት ይጽፉታል። የማያውቅ ሰው ሁለት ጎርፍ የነበረ ይመስለዋል።

እሺ፣ ገብቼ አረምኩ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ተመልሷል። አንድ በብዕር ስም የሚሠራ ሰው «ምንጩ 1902 ነው የሚለው» ብሎ ሰርዞኛል። ምንጩን ከፈትኩት፤ የፈረንጅ ጽሑፍ ነው። ፈረንጅ እንዴት አድርጎ 1895 ይበል? እንደገና አስተካከልኩ፣ እንደገና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መመላለስ ጥሩ አይደለም። የእርማት ጦርነት ይባላል፣ ያሳግዳል። በውይይት ገጹ ላይ መነጋገር ነው ደንቡ።

ውይይት ገጹ ላይ ጻፍኩ። በትሕትና። ያችን የተጠማዘዘች ምልክት (~) አራት ጊዜ ደርድሬ ፈረምኩ፤ እዚያ ፊርማ እሷ ናት። (በአማርኛ ኪቦርድ እሷን ፈልጎ ማግኘት ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።) ማንም አልመለሰም። የሰረዘኝም ሰው አልመለሰም። እሱ መሰረዝ እንጂ መናገር አይወድም መሰለኝ።

እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ ልሁን። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ውስጥ ያሉት ጽሑፎች 15 ሺህ ገደማ ናቸው። የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪው በብዙ አስር ሚሊዮን ይቆጠራል፣ የአማርኛው አስተዳዳሪዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። ቢሮ የላቸውም። ከሥራ ወጥተው፣ ማታ፣ በራሳቸው ኢንተርኔት ነው የሚሠሩት። እነሱን አልሰድብም። አንድ ሰው ገብቶ ስድብ ሲለጥፍ የሚያጸዱት እነሱ ናቸው። የኔን 1895 ለማየት ጊዜ ባያገኙ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛው ሄድኩ። እዚያ «ሻይ ቤት» የሚባል ለጀማሪዎች የተከፈተ የጥያቄ ገጽ አለ። ከ2012 ጀምሮ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. ነው፣ ሌላ ጦርነት አልፈልግም። እውነቱን ለመናገር ቶሎ መለሱልኝ። አቤት ትሕትና! እንኳን ደህና መጣህ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናመሰግናለን። የቀን መቁጠሪያ መቀየር ተራ ሒሳብ ስለሆነ በእኛ ደንብ እንደ ራስ ምርምር (የትም ያልታተመ የራስ ግኝት ማለት ነው) አይቆጠርም አሉኝ። ደስ አለኝ። ቀጥለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ይህ ግን የእንግሊዝኛው ደንብ ነው፣ እያንዳንዱ ቋንቋ ራሱን ነው የሚያስተዳድረው፣ እኛ እዚያ ሥልጣን የለንም፣ እባክህ በአማርኛው የውይይት ገጽ ላይ ጠይቅ። እንዴ! እኔ ከየት መጣሁ ታዲያ?

አንድ ነገር ልጨምር ብዬ ነበር። መብራት ሄደ። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ማራገቢያ ሲቆም ሰው ስለ ባቡር አያስብም። ስመለስ ጥያቄዬ ከገጹ ላይ የለም። ለካ ጥቂት ቀን ዝም የተባለበትን ጥያቄ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) አንስቶ ማኅደር ውስጥ ይከተዋል። ፍጥነቱ መብራት ለማይሄድበት ሰው ነው የተለካው።

የኢንተርኔቱን ነገር ደግሞ ባልናገር ይሻላል፣ ግን እናገራለሁ። አንድ ቀን «አርም» ስል ታግደሃል የሚል ጽሑፍ መጣ፣ በእንግሊዝኛ፣ ረጅም። እኔ ምን አደረግኩ? ምንም። ቪፒኤኔ ክፍት ነበር። በ2015 ዓ.ም ሶሻል ሚዲያ የተዘጋ ጊዜ የጫንነው ቪፒኤን ሁላችንም ስልክ ላይ እስከ ዛሬ አለ አይደል? ዊኪፔዲያ በቪፒኤን ማንበብ አይከለክልም፣ ማረም ግን ይከለክላል። አጥፊዎች ስለሚደበቁበት ነው። እሱን ስታጠፋው ደግሞ በሞባይል ዳታ ብዙ ሰው አንድ አድራሻ ነው የሚጋራው። የሆነ ቦታ አንድ ዱርዬ ስድብ ከጻፈ ያለ አካውንት የምትገቡት ሁሉ አብራችሁ ትታገዳላችሁ። አካውንት ክፈቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ያድናችኋል። ይህንን ምክር የሰጠኝ ሰው የለም፣ በነፃ ውሰዱት።

በቃ፣ የሰፈር ሰው ይሻለኛል ብዬ ወደ ቴሌግራም ግሩፓችን መጣሁ። ወደ እናንተ ማለት ነው። «ዊኪፔዲያ ላይ የሚሠራ ሰው አለ? እገዛ ፈልጌ ነው» አልኩ። የመጀመሪያው መልስ «ስንት ይከፍላሉ?» ነው። ሁለተኛው «ስለ እኔም ጻፍልኝ»። አንዱ ደግሞ «ገጽ እንከፍታለን፣ ዋጋ በኢንቦክስ» ብሎ ለጠፈ። ሌላው «ጀግናችን» ብሎ የክንድ ምስል አስቀመጠና ጠፋ። ከዚያ ጨዋታው ከሰፈሮቻችን ከዚራ ይቀድማል ወይስ መጋላ ወደሚል ዞረ፣ ለሊቱ በዚያው ነጋ። የኔ ጥያቄ ሞቶ ተቀበረ።

«ስለ እኔ ጻፍልኝ» ያለው ሰውዬ አልተወኝም። ሱቅ አለው፣ ስሙን አልጠራም። ስለ አንድ ሰው ለመጻፍ ከእሱ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች በጋዜጣ ወይ በመጽሐፍ ስለሱ ጽፈው መገኘት አለበት፣ በጥቅም ተገናኝቶ መጻፍም ነውር ነው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። «ቀናህ» አለኝ። በምኑ ነው የምቀናው? የስሚንቶ ዋጋ እንኳ በትክክል አይነግርም።

ኮምፒውተር ሳይንስ የተማሩትስ? ከእነሱ የፈለግኩት ትንሽ ነገር ነው። ምንጭ የሚጠቀስበትን ኮድ አብሮኝ ተቀምጦ የሚያሳይ ሰው። ከእንግሊዝኛው አንድ የመረጃ ሳጥን ገልብጠህ አማርኛው ላይ ስትለጥፍ ውስጡ ያሉት አብነቶች (ቀድመው የተዘጋጁ ቅጾች) እዚህ ስለሌሉ ገጹ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል። የቱን ይዤ የቱን ልተው? «ቀላል ነው፣ ዩትዩብ ላይ አለ» ተባልኩ። ዩትዩብ ላይ ያለው ሕንዳዊ ስለ አማርኛው ገጽ ምን ያውቃል?

ይሄኔ ነው ክርክሩን በአንድ ጊዜ ልዝጋው ያልኩት። 1895 ብሎ በአማርኛ የታተመ ነገር ካገኘሁ ያ በብዕር ስም የሚሠራው ሰው አፉ ይዘጋል። ወረቀቱ መስመር ላይ መሆን የለበትም። መጽሐፍ ከሆነ፣ ከታተመ፣ ገጹን ከጠቀስክ ይበቃል። የድሮ ወረቀት ያለበትን አንድ ቢሮ ጠቆሙኝ። ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ደግሜ ሄድኩ። ተገኙ፣ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ውሃም ጋበዙኝ። «ከየት ነው የመጣኸው?» አሉ። ከሳቢያን ሰፈር። «አይ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት?» ከየትም፣ ለዊኪፔዲያ ነው። «እንግዲያውስ ከዊኪፔዲያ ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዘህ ና።»

ወላሂ እንዲህ ነው ያሉት። ከማን አስጽፌ ነው ደብዳቤ የማመጣው? ዊኪፔዲያ ማህተም አለው? ድሬ ቅርንጫፍ አለው? እኔ ራሴ ነኝ ዊኪፔዲያ ብላቸው ሊያስሩኝ ነው። መደርደሪያው ከኋላቸው ይታየኛል። አቧራ ለብሶ የታሰረ ወረቀት እስከ ጣራ ድረስ። አንድ ገጽ ነበር የፈለግኩት።

ከዚያ ወጥቼ የሰፈራችንን ጋሼ አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ የጨረሱ ሰው ናቸው። ታሪኩን ስነግራቸው ሳቁ፣ ቀጥለው ተቆጡ። «ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ? ማስረጃው እኔ ራሴ ነኝ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የየትኛው ማሽን ቦይለር የት እንደተበሳ ያውቃሉ። አለቆቻቸውን በፈረንሳይኛ እንዴት እንደተሟገቷቸው እስከ ድምፁ ያስመስሉታል። ሐዲዱ ሲገባ የነበሩ ሽማግሌዎች ያወሩትንም ልጅ ሆነው ሰምተዋል። ግን ጋሼን ምንጭ አድርጎ መጥቀስ አይቻልም። ያልታተመ ነገር ዊኪፔዲያ አይቀበልም። ይህንን ለአንድ ሽማግሌ ቡና እየጋበዙህ እንዴት ትነግራቸዋለህ? አልነገርኳቸውም። ቡናዬን ጠጣሁ።

ደንቡ ክፉ ነው አልልም። አንድ የጫት በርጫ ላይ ብቻ ስለ ባቡሩ አራት ዓይነት ታሪክ ትሰማለህ፣ አራቱም በመሐላ። ሁሉም ይግባ ከተባለ ጉድ ነው የሚፈላው። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ተራራው ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1933 ቆፍረውታል። በ2017 ደግሞ ተመራማሪዎች ከዚያ ስለወጣ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ የቀለም አፈር ጽሑፍ አሳትመዋል። ከ40 ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሰው ቀለም እንዴት እንደፈጨ እስከ ድንጋዩ ተጽፏል። ማስረጃ በሽበሽ። አሁን ቁጭ ብለው ቡና ስለሚጠጡት የወርክሾፕ ሠራተኛ ግን አንዲት የታተመች ገጽ ማግኘት አቃተኝ። ጋሼ ዋሻ ውስጥ ቢገኙ ይሻላቸው ነበር።

ጋዜጠኞቻችን የት አላችሁ? የከተማ ቀን በመጣ ቁጥር መድረክ ላይ ስለ ድሬ ፍቅር ትናገራላችሁ። ጋሼን አንድ ሰዓት አናግራችሁ ብታትሙ እኮ ምንጭ ይሆናል! ለዊኪፔዲያ ብቻ አይደለም፣ ለማንም። የዩኒቨርሲቲ መምህራንስ? ተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ስለ ባቡሩ እንደሚሠሩ እሰማለሁ። የት ነው የሚቀመጠው? ለተማሪ ብቻ ነው አትበሉኝ።

እናንተ የግሩፑ ሰዎች ደግሞ፣ በተለይ «ዊኪፔዲያ ሁሉም ውሸት ነው» የምትሉት። ውሸቱን ካያችሁት ለምን አትነኩትም? ስክሪንሾት አንስታችሁ ስትሳደቡበት ከምትፈጁት ጊዜ ማረሙ ያንሳል። ውይይት ገጹ ላይ ሦስት ሰው ገብቶ «እኔም እስማማለሁ፣ ፈረንጅኛው 1902 በእኛ 1895 ነው» ቢል ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር። አንድም ሰው አልገባም። ሦስት ሰው! ለጣፋጩ ሙሸበክ ወረፋ ሃያ ትሆናላችሁ።

አሁን ቁጥሩ አሁንም 1902 ዓ.ም ነው። የእህቴ ልጅ ደብተር ላይም እንደዚያው።

ስለዚህ ላይክ አልፈልግም፣ ሼርም ተዉት። ቤታችሁ ውስጥ፣ ሳጥን ውስጥ፣ አልጋ ሥር የቆየ የምድር ባቡር መጽሔት፣ የድሮ ጋዜጣ፣ ስለ ድሬ የታተመ መጽሐፍ ያላችሁ ካላችሁ ሽፋኑን፣ የታተመበትን ዓመትና 1895 የሚለውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። የገጽ ቁጥሩ ይታይ። «አባቴ ነግሮኛል» የምትሉ ግን እባካችሁ አትላኩልኝ። አባቴማ ለእኔም ነግሮኛል።