ከቪትዝ ጋር የታሰረ ደስታ

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ደረሰኝ፤ የላኩልኝ ወዳጄም ከሥሩ የሚስቁ ፊቶችን ደርድረውበታል። በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የልጅ ልደት እየተከበረ ነው። መብራት ይሄዳል። ሙዚቃው ይቆማል፤ ከሙዚቃውም ጋር ለጃምፒንግ ካስሉ፣ ለልጆቹ የላስቲክ መዝለያ፣ አየር የሚነፋው ሞተር ይቆማል። ማማዎቹ በየተራ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ ጣሪያውም በዝግታ ወርዶ በውስጡ ባሉት ልጆች ላይ ይተኛል። ከላስቲኩ ሥር «እማዬ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቪዲዮውን የሚቀርጹት ወይዘሮ «ውይ፣ ሲያምሩ!» ይላሉ። በመጨረሻም እጃቸው እስከ ክርናቸው በሳሙና አረፋ የተሸፈነ አንዲት እናት ከጓዳ ሮጠው መጥተው ልጆቹን እየጎተቱ ማውጣት ሲጀምሩ ቪዲዮው ይቋረጣል፤ ሴትየዋ ምስሉን ጋርደውታልና።

ይህን መሰል ድግስ ምን እንደሚመስል ማብራራት አያስፈልገኝም። በአዲስ አበባ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ በየቅዳሜው ይጠራል፤ በየቅዳሜውም ከኬኩና ከዲጄው እኩል ክብር ተሰጥቶት በግቢው መሐል የሚወዛወዘውን ባለ ማማ ላስቲክ ያያል። ስለዚህ ወቀሳውን ለሌሎች ትቼ ዛሬ ምስጋና አቀርባለሁ። የገዛ ልጁን በነፋስ ለተሞላ ከረጢት አስረክቦ ያለ ሐሳብ ጥብስ የሚበላ ወላጅ ያለበት ማኅበረሰብ የእምነት ጽናቱ ሊመሰገን ይገባል።

መጀመሪያ ለተከራዮች ጨዋነት። ወላጅ ስልክ ደውሎ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ ቀለሙ ምንድን ነው፣ ስላይድ አለው ወይ፣ ለስንት ሰዓት ነው፣ ዋጋው አይቀነስም ወይ? በምን እንደሚታሰር፣ ስንት ልጅ እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚጠብቀው መጠየቅ ግን እንደ ነውር ይቆጠራል። አስከራዩም ያልተጠየቀውን የማይመልስ ቁጥብ ሰው ነው። ሁለት ወጣቶች በፒካፕ ጭነውት ይመጣሉ፣ ጥቅሉን ይዘረጋሉ፣ ሞተሩን ይሰካሉ፣ ቀሪ ሒሳባቸውን ይቀበላሉ፣ «ማታ መጥተን እናነሣዋለን» ብለው ይሄዳሉ። አንዲት ፈሪ አያት «ልጄ፣ ነፋስ ቢመጣስ?» ብለው ከጠየቁ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «አይዞሽ ማዘር፣ ከባድ ነው፣ የትም አይሄድም።» እውነት ነው፤ ተጠቅልሎ ፒካፑ ላይ ሳለ ከባድ ነበር። ሲነፋ ያ ክብደት ረጅም ግድግዳ ባለው ሰፊ ገላ ላይ ስለሚበተን ከሜዳ ላይ የተተከለ የመርከብ ሸራ ይሆናል፤ ይህን ግን ለአያቲቱ መንገር በዓል ማበላሸት ነው።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የአስተሳሰር ጥበባችንን ነው። እንግሊዞች በመመሪያቸው አንድ መዝለያ ቢያንስ በስድስት ቦታ ይታሰር፣ ችካሉም 38 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይሁን፣ ዘንበል ተደርጎም መሬት ውስጥ ይግባ ይላሉ። እኛ ኮብልስቶን አንጥፈናልና ችካል የሚባል ነገር አይመለከተንም። አንድ የማውቀው ድግስ ላይ የመጀመሪያው ማዕዘን ከግቢው በር ማጠፊያ፣ ሁለተኛው ባለፈው ክረምት ከተተከለ የአቮካዶ ችግኝ፣ ሦስተኛው ከልደተኛው አጎት ቪትዝ የኋላ መከላከያ ጋር ታስሮ ነበር። አራተኛው ገመድ አልነበረውም፤ እዚያ ጫፉ ላይ የልጁ ታላቅ አክስት ወንበር ተደርጎላቸው ተቀምጠዋል።

ስለ ቪትዟ ትንሽ ልናገር። በክብደቷ በኩል ነቀፌታ የለባትም፤ ወደ አንድ ቶን ትጠጋለች፤ ከችግኙና ከአክስቲቱ ጋር ስትነጻጸር የድግሱ ብቸኛ መሐንዲሳዊ ውሳኔ እርሷ ነበረች። ጉድለቷ አንድ ነው፤ ሞተር አላት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ኬኩ እንዳልመጣ ታወቀና አጎት ሄደው እንዲያመጡ ተላኩ። አጎትም «መኪናዬ እኮ ታስራለች» ብለው የተጠራጠሩ መስለው ነበር፤ ነገር ግን ኬክ ነውና ገመዱ ተፈታ። ልጆቹ ይውረዱ ያለ አልነበረም። ምትክ ስትፈለግ አጠገቧ የቆመች ሌላ መኪና ታጨች፤ ባለቤቷ ግን «ቀለሟን ይልጥብኛል» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሁለት ሴት ልጆቻቸው በዚያች ቅጽበት ላስቲኩ ላይ እየዘለሉ ነበር። ከረጅም ምክክር በኋላ ገመዱ መጠጥ ከተደረደረበት ጠረጴዛ እግር ጋር ታሰረ። ይሁን እንጂ ልጆቹ በዘለሉ ቁጥር ጠረጴዛው እየተንገጫገጨ ጠርሙሶቹ መንቀጥቀጥ ስለ ጀመሩ ጉዳዩ በአስቸኳይ ታየ፤ አራት ጎልማሶች ተነሥተውም ቢራውን በከፍተኛ ጥንቃቄ፣ አንድም ሳይሰበር፣ ወደ ደኅና ቦታ አዛወሩት። እንዲህ ያለ ፈጣን የነፍስ አድን ሥራ ከዚያ በፊት አላየሁም። አጎት ኬኩን ይዘው ሲመለሱ ቪትዟ ወደ ሥራ ገበታዋ ተመለሰች፤ ሲመሽ ደግሞ አጎት ሁሉንም ተሰናብተው፣ ገመዱን ግን ሳይሰናበቱ፣ ማርሽ አስገቡና መዝለያውን ከነ አራት ልጆቹ ሁለት ሦስት ሜትር ጎተቱት። ልጆቹ ከዕለቱ መዝናኛ ሁሉ የወደዱት ይህንን እንደሆነ ተናግረዋል። አጎትም እስከ ዛሬ ድረስ «ልጅ ማጫወት የሚችል» ተብለው በየልደቱ ይጠራሉ፤ መከላከያው በሽቦ የተጠገነውን ቪትዝም ይዘው ይገኛሉ።

ችካል በማይገባበት መሬት ላይ በየማሰሪያው ከባድ ነገር ይቀመጥ የሚል ምክርም አለ፤ የእንግሊዞቹ መመሪያ ለአንድ ማሰሪያ 163 ኪሎ ግራም ይላል። ይህን በአገራችን መለኪያ ላስላው። ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለአንድ ማሰሪያ ከስምንት በላይ፣ ለስድስቱ ወደ ሃምሳ ጀሪካን ያስፈልጋል ማለት ነው። በድግሶቻችን ላይ ያየኋቸው በየማዕዘኑ አንድ አንድ ናቸው። ከአንዱም ጥላሁን የሚሉት የቤቱ ሠራተኛ ለእጅ መታጠቢያ ብሎ ውኃውን እስከ ግማሹ ቀድቶ ወስዶ ነበር።

የነፋስ ነገርም ቢሆን እኛ ዘንድ ቀላል ነው። እንግሊዞቹ ነፋሱ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ሲደርስ፣ ማለትም ትናንሽ ዛፎች ከነ ቅጠላቸው መወዛወዝ ሲጀምሩ፣ ልጆችን አውርዱ ይላሉ፤ ለዚህም የነፋስ መለኪያ ይይዛሉ። የእኛ መለኪያ የኬኩ ሻማ ነው፤ ሻማው ካልጠፋ ነፋስ የለም። ከጠፋም ባለ ልደቱ እፍ እንዳለው ተቆጥሮ ይጨበጨባል። የየካቲት ነፋስ በድንገት ከሜዳው ተነሥቶ አቧራና ፌስታል እያሽከረከረ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ነገር ግን በግብዣ ወረቀት ስላልተጠራ አይመጣም ብለን እናምናለን።

የመብራቱን ጉዳይ በቪዲዮው አይተነዋል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መዝለያው አንዴ ተነፍቶ የሚታሰር ፊኛ አይደለም፤ በየስፌቱ አየር ስለሚያፈስ ሞተሩ ያለ ማቋረጥ መንፋት አለበት። ይህ ሞተር በእኛ ግቢ ውስጥ የሚሰካው ከዲጄው ስፒከር፣ ከፈንዲሻው ማሽንና ከጓዳው የእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ለመቅበር መብራት ኃይል እስኪያጠፋ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ምጣዱ ሲሞቅ ብሬከሩ ራሱ ይወርዳል። ስልኩ ባትሪ ያለቀበት እንግዳም አለ፤ ሶኬት ሲፈልግ የማያውቀውን ገመድ ይነቅልና ቻርጀሩን ይሰካል።

ጥበቃችንን ሳላመሰግን ባልፍ ግን ደፋር እባላለሁ። በዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል ልጆቹን የማያይ ሰው የለም። አባት እናት እያየች ነው ብሎ ያስባል፤ እናት ሞግዚቷ አለች ትላለች፤ ሞግዚቷ ጓዳ ሽንኩርት እንድትልጥ ተጠርታለች፤ እንግዶቹ ባለቤቶቹ አሉ ይላሉ፤ ባለቤቶቹ ደግሞ እንግዳ እየተቀበሉ ነው። አስከራዩ ሌላ ሰፈር ሌላ መዝለያ እየነፋ ነው። በመጨረሻ በበሩ ላይ የቆመው ጠባቂ የ11 ዓመት ልጅ ሆኖ ይገኛል፤ እርሱም የተሾመበትን ሥልጣን ተጠቅሞ ጓደኞቹን በሙሉ ያስገባል። እነዚህ የ11 እና የ12 ዓመት ጎረምሶች ከ3 ዓመት ሕፃናት ጋር በአንድ ወለል ላይ ይዘላሉ፤ ትልቁ ሲያርፍ ትንሹ ይወነጨፋል፤ ከረሜላ ከነ እንጨቱ በአፉ ይዞ የሚገለባበጥም አለ። ሕፃኑ እያለቀሰ ሲመጣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ በኬክ ይታበሳል። እጁን ለምን እንደማያነሣ የሚታወቀው በማግሥቱ ነው። አሜሪካኖች ጥናት ይወዳሉና ቆጥረውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራቸው በእነዚህ መዝለያዎች ምክንያት ድንገተኛ ክፍል የታዩት ልጆች በአማካይ በቀን 31 ነበሩ፤ ብዙውም ስብራትና ወለምታ ነው። እኛ ስላልቆጠርን የለብንም።

አሁን ለአፍታ ቀልዱን ልተወው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 2021 በአውስትራሊያ፣ በታዝማንያ ግዛት፣ በዴቨንፖርት ከተማ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የዓመቱን ትምህርት ማብቂያ እያከበሩ ሳለ ነፋስ መዝለያውን ወደ ላይ አነሣው። ልጆቹ 10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ቦታ ወደቁ። ይህ በእኛ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ገደማ ነው። ስድስት ልጆች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ፣ በሃርሎ ከተማ፣ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ በውስጡ እያለች ነፋስ መዝለያውን ነቅሎ 300 ሜትር ያህል ወሰደው፤ ልጅቷም ሞተች፤ መዝለያውን ያስተዳድሩ የነበሩት ሁለት ሰዎች በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብለው እያንዳንዳቸው ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት በሜሪላንድ ግዛት፣ በዋልዶርፍ፣ አንድ የ5 ዓመት ልጅ በቤዝቦል ጨዋታ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ሞቷል። ይህ ሁሉ የሆነው መመሪያና ፍርድ ቤት ባለበት አገር ነው። እኛ በችግኝና በጠረጴዛ እግር አስረን «እግዜር ይጠብቃቸዋል» እንላለን! እግዚአብሔር የልጅ ጠባቂነቱን የተቀበለው እኛ ተቀምጠን ቢራ እንድንጠጣ አይደለም። ልጁን ከነፋስ ጋር አቆራኝቶ ጀርባውን የሰጠ ሰው የሚያሳየው ትዕቢት ነው፤ በእምነት ስም አይጠራ። አንድ ትልቅ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ በመግቢያው ላይ ቢቆምና እየቆጠረ ቢያስገባ ምን ይጎድልበታል? ጥብሱ ይቀዘቅዝበታል። የሚጎድለው ይኸው ነው።

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለና። ድግሶቻችን በየዓመቱ እየረቀቁ ነው። ለመጪው ቅዳሜ የደረሰኝ ጥሪ ባለ ሁለት ስላይድ ትልቅ መዝለያ እንዳለ ያበሥራል። ግቢው በመኪና ስለሚሞላም ባለቤቶቹ አስበውበት አራተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ እንዲተከል ወስነዋል፤ ደውዬ ስጠይቅ እመቤቲቱ «እዚያ ላይ ደግሞ ነፋሻ ነው፣ ልጆቹ አይሞቃቸውም» ብለውኛል። መታሰሩም አያሳስብዎት ብለው ከጣሪያው የውኃ ታንከር ጋር እንደሚታሰር አስረዱኝ። ከጥሪው ወረቀት ግርጌ ደግሞ ሰፈሩ ውኃ ካጣ ሁለተኛ ሳምንቱን ስለያዘ እንግዶች የእጅ መታጠቢያ ውኃ በላስቲክ ይዘው እንዲመጡ በትሕትና ተጠይቀዋል።