ሃሜስን በክለብ ሕይወቱ ብቻ መመዘን አይገባም

ስለ ኮሎምቢያዊው እግር ኳስ ተጫዋች ሃሜስ ሮድሪጌዝ የቀረበው ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ሃሜስ የተጣለበትን ተስፋ ሳያሳካ የቀረ ተጫዋች ነው ብለው መደምደማቸው ሚዛናዊ አይመስለኝም። ሪያል ማድሪድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሞናኮ ካስፈረመው በኋላ፣ በባየርን ሙኒክ ሁለት የሊግ ዋንጫ ማንሳቱ ሳይዘነጋ፣ በእንግሊዙ ኤቨርተን፣ በግሪኩ ኦሊምፒያኮስና በብራዚሉ ሳኦ ፓውሎ ሥር ሳይሰድ መዘዋወሩ አይካድም። የኮሎምቢያን ቢጫ ማሊያ ሲለብስ ግን ሌላ ሰው ነው። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ኡራጓይ ላይ ያስቆጠራት ጎል ዛሬም ከዓይኔ አትጠፋም፤ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ኳሷን በደረቱ ካበረደ በኋላ፣ መሬት ሳትነካ ዞሮ በግራ እግሩ ሲመታት የአግዳሚውን የታችኛውን ክፍል ገጭታ መረብ ላይ አረፈች። በዚያ ውድድር በ6 ጎሎች ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ከ10 ዓመት በኋላም፣ በሳኦ ፓውሎ ቋሚ ተሰላፊ መሆን በተሳነው ወቅት፣ በደቡብ አሜሪካ ብሔራዊ ቡድኖች ውድድር በኮፓ አሜሪካ 6 ለጎል የበቁ ኳሶችን አቀብሎ የሜሲን የአንድ ውድድር ክብረ ወሰን አሻሻለ፤ ኮሎምቢያ በፍጻሜው በአርጀንቲና 1 ለ 0 ብትሸነፍም የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። በእኔ እምነት ምክንያቱ የአጨዋወት ነው፤ ክለቦቹ ያለማቋረጥ ሮጦ ተጋጣሚን እንዲያስጨንቅ ሲጠይቁት፣ የኮሎምቢያ አሰልጣኝ ኔስቶር ሎሬንሶ ግን የሩጫውን ሸክም ለቡድን አጋሮቹ ለእነ ሉዊስ ዲያዝና ለእነ ሪቻርድ ሪዮስ ሰጥተው፣ እሱ የቆመ ኳስን (እንደ ቅጣት ምትና ማዕዘን ምት ያለውን) እና ለጎል የሚያበቃውን የመጨረሻ ቅብብል እንዲመራ ፈቀዱለት። ጽሑፉ ይህን ሳያነሳ ማለፉ ትልቅ ክፍተት ነው።