የካሜሮን አፍንጫ

እህቴ ከሜሪላንድ ደወለች። ወልዳ ከቤቷ ገብታለች፣ እልልታው አልቋል፣ ስምም ወጥቷል። «ካሜሮን አልነው» አለች። ስልኩን ላውድ አድርጌው ነበርና እማዬ ሽንኩርት መክተፏን ትታ ቀና አለች። «ለልጅ የአገር ስም ይወጣል እንዴ? ያውም የሰው አገር!»

እኔ ደግሞ ነገር መጎርጎር አይለቀኝም። ለካ ካሜሮን ከጥንትም የመጠሪያ ስም አልነበረም፣ የስኮትላንዶች የቤተሰብ ስም ነው። በጥንት ቋንቋቸው «ጠማማ አፍንጫ» ማለት ነው። ካምቤል ደግሞ «ጠማማ አፍ»። የእኛ ዘር ምንም ባይኖረው አፍንጫው ሰልካካ ነው፤ እሷ አልፋ ሄዳ በገዛ እጇ አጣመመችው!

የእሷ ጥፋት ብቻም አይደለም። አሜሪካ መዋለ ሕፃናት ውስጥ ስም ሲጠራ ብትሰሙ የግንባታ ሠራተኞች ቁጥጥር ነው የሚመስላችሁ። ሜሰን ግንበኛ ነው፣ ካርተር ጋሪ ነጂ፣ ኩፐር በርሜል ሠሪ፣ ታይለር ጣሪያ ከዳኝ። ሁሉም ገና ጫማቸውን ማሰር አይችሉም።

እንግሊዞቹ ግን ምክንያት ነበራቸው። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ባሉት ዘመናት፣ አንድ መንደር ውስጥ አምስት ጆን ሲበዛባቸው ግንበኛው ጆን፣ ጋሪ ነጂው ጆን እያሉ ለዩዋቸው፤ ልጆቹ ሙያውን ቢተዉትም ስሙ ተከተላቸው። ቆይቶ ደግሞ የእናት ወገን ስም እንዳይጠፋ ለልጅ መጠሪያ አድርገው ይሰጡት ጀመር። የፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን «ዉድሮው» የእናቱ ቤተሰብ ስም ነው። ይሄ እንኳ ወግ አለው። ማዲሰን ግን? ሞድ የምትባል ሴት «ወንድ ልጅ» ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1984 በወጣ ፊልም ግማሽ ዓሣ የሆነች ሴት የኒውዮርክ መንገድ ስም ወስዳ ስሜ ነው አለች፣ ከዚያ ወዲህ የሴቶች ስም ሆኖ ቀረ። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለውን ተረት ነፍሴ ነው የሚወደው። ለካ ዓሣም ታወጣለች።

ስለ ስም ከተነሳ አይቀር የቆየ ቂሜን ላውጣው። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ይሄን ለአንድ ፎርም ማስረዳት አይቻልም። እህቴ ጋ በቆየሁበት ዓመት የገባሁበት ቢሮ ሁሉ «ሚስተር» ብሎ የሚጠራው አባቴን ነበር። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ክሬዲት ካርድ ተፈቅዶልዎታል የሚል ደብዳቤ እስከ ዛሬ በስሙ ይመጣል። በሕይወት እያለ የሰፈራችን ባለሱቅ እንኳ ዱቤ ከልክሎታል!

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አያታችን ሸማኔ ነበሩ። እህቴ ለባሏ ቤተሰቦች «ነጋዴ ነበሩ» ብላ ነው የነገረቻቸው። አይፈረድባትም ልበል? ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ቁጢት በጣሽ እየተባባልን ነው የኖርነው፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ግን እኮ የእህቴና የባሏ ሁለተኛ የስም ምርጫ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ቴይለር! ልብስ ሰፊ! በእንግሊዝኛ ሲሆን ለልጅ ይወጣል፣ በአማርኛ ሲሆን ከአማት ይደበቃል። ይሄን ስጽፍ ራሱ ደሜ ይፈላል።

ለማንኛውም፣ ለእህቴ የስሙን ትርጉም ገና አልነገርኳትም። አራስ ናት። ለእማዬ ግን አመለጠኝ።

«ጠማማ ምን?» አለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ስልኬን ተቀብላኝ የልጁን ፎቶ በሁለት ጣቷ እየሳበች አፍንጫው ስክሪኑን እስኪሞላው ድረስ አሰፋችው። ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችው።

«ደህና ነው እኮ» አለች።